ያለ ተራቸው የመጡ ዘፈኖች

ለብዙ ዓመታት ዘፈኖቼን በዘፋኝ፣ በዘመንና በአልበም ለይቼ አስቀምጬ፣ አንዱን አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ የማዳምጥ ሰው ነበርኩ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ያን ሁሉ ክፍፍል ትቼ፣ ስልኬ ከስብስቡ ውስጥ የፈለገውን እያነሳ እንዲያሰማኝ አድርጌያለሁ። ከአባቴ ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኳቸው፣ በሲዲ ዘመን የገዛኋቸውና ከወዳጆቼ በፍላሽ የተቀበልኳቸው ዘፈኖች ተደበላልቀው ሲመጡ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ዘፈኑ ከአልበሙ ተነጥሎ ድንገት ሲጀምር ጆሮዬ የዘፋኙን ድምፅ አልፎ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ይህን ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ማን ነው? ይህን የሳክስፎን መግቢያ ያሰበው ማን ነው? ግጥሙንስ ማን ጻፈው? እያልኩ ስልኩን ስመለከት የማገኘው የዘፋኙን ስም ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የቀሩትን ስሞች ፍለጋ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ያስቆመኝ የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» ነው። የማህሙድን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ1941 አዲስ አበባ ተወልዶ መርካቶ ያደገ፣ በልጅነቱ ሊስትሮ የነበረ፣ በኋላም አሪዞና በተባለው የምሽት ክበብ የጉልበት ሥራ ሲሠራ፣ በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኙ በመቅረቱ መድረክ ላይ ወጥቶ የዘፈነና በዚያው ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የገባ ሰው ነው። ይህን ታሪክ እኔም ለሌሎች ደጋግሜ አውርቻለሁ። ዘፈኑ ያለ ተራው ሲመጣብኝ ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው። ቤዙ ከታች አንድ አጭር ሐረግ ይዞ ሳይታክት ይዞራል፤ ጊታሩ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይመልስለታል፤ ሳክስፎኑ ደግሞ ድምፃዊው ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ብቻ ገብቶ ወዲያው ቦታውን ይለቃል። ማህሙድ ያን ያህል ነፃ ሆኖ ድምፁን የሚያንቀጠቅጠው፣ ከምቱ ቀድሞም ዘግይቶም የሚገባው፣ ከሥሩ ያለው ነገር ፈጽሞ እንደማይናወጥ ስለሚያውቅ ነው።

ዘፈኑ በ1975 ሲቀረጽ አብሮት የተጫወተው አይቤክስ ባንድ ነበር። በባንዱ ውስጥ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን የያዘው ሰላም ሥዩም ናቸው። ሁለቱም ከጊዜ በኋላ የሮሃ ባንድ መሥራቾች ሆነው፣ በ1980ዎቹ በየቤታችን ከተሰሙት ካሴቶች በብዙዎቹ ጀርባ ቆመዋል። ሸክላውን ያሳተመው ዓሊ ታንጎ በሚል ስም ይበልጥ የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ ነው። ይኸው ሥራ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ እንደገና ታትሞ ወጣና አማርኛ የማያውቁ አድማጮች ተቀበሉት። ቃሉን የማይሰማ ሰው ምን ይዞት ነው የሚያዳምጠው ብዬ አስቤ አውቃለሁ። የማህሙድ ድምፅ አንዱ ምክንያት እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ያ ከሥር የሚዞረው ቤዝ የራሱ ድርሻ እንዳለው አምናለሁ፤ ያ ድርሻ ደግሞ ባለቤት አለው።

ስሞቹ የጠፉበት መንገድ ግልጽ ነው። የአባቴ ካሴቶች አብዛኛዎቹ የተቀዱ ናቸው። በዚያ ዘመን ባዶ ካሴት ይዞ ወደ ሙዚቃ ቤት መሄድና የሚወዱትን ማስቀዳት የተለመደ ነበር፤ ሁለትና ሦስት ዘፋኞች በአንድ ካሴት ላይ ይሰፍሩ ነበር። የሸክላው ልባስም ሆነ የዋናው ካሴት ሽፋን ግጥሙን፣ ዜማውንና ቅንብሩን የሠራው ማን እንደሆነ በደቃቅ ፊደል ቢጽፍም እንኳ፣ ያ ወረቀት ከቅጂው ጋር አይመጣም። አባቴ በንጹሕ እጅ ጽሑፉ የዘፋኙን ስምና የመጀመሪያውን ስንኝ ይጽፍ ነበር፤ ያ ለእሱ በቂ ነበር። እኔ ደግሞ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ እሱ የጻፈውን ብቻ ጻፍኩ። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ በተሸጋገረ ቁጥር ድምፁ ጥቂት ሲደበዝዝ ስሞቹ ግን ሙሉ በሙሉ ቀርተዋል።

በዚህ መንገድ ከቀሩት ውስጥ በጣም የምቆረቆርለት ግርማ በየነ ነው። የአለማየሁ እሸቴ አንድ የጥንት ዘፈን በመጣ ቁጥር የማስበው እሱን ሆኗል። ለአለማየሁ የሚገባው ክብር ተሰጥቶታል፤ የአሜሪካኖቹን የመድረክ አቋምና የጸጉር አበጣጠር ወስዶ የራሱ ያደረገ፣ በድምፁ ውስጥ ሳቅም ቁጣም ያለ ዘፋኝ ነው። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በ1948 በወጣ ንጉሣዊ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ሳለ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ በ1969 ደፍሮ የራሱን የሸክላ ድርጅት ሲያቋቁም መጀመሪያ ካሳተማቸው አንዱ አለማየሁ ነበር። በሀገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላዎቹ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ ታትመው ይመጡ ነበር። አምሃ በ1975 ሀገር ለቆ እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አሳትሟል። አምሃም አለማየሁም ያረፉት በ2021 ነው።

በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ፒያኖ ሲጫወት፣ የነሐስ መሣሪያዎቹን መግቢያና መውጫ ሲወስን፣ ለዘፋኙ የሚመቸውን ፍጥነት ሲመርጥ የነበረው በአብዛኛው ግርማ በየነ ነው። እሱ ራሱ የዘፈናቸው ጥቂት ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን ብዙ ናቸው። ዋልያስ ባንድ የተጫወተውና ዛሬም ያለ ግጥም የሚታወሰው «ሙዚቃዊ ስልት» የእሱ ድርሰት ነው። የግርማን ቅንብር የምለየው በቁጥብነቱ ነው። ሦስት ሳክስፎንና ሁለት ትራምፔት በእጁ ይዞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያስጮህም፤ ዘፋኙ አንድ ስንኝ እስኪጨርስ ዝም ያሰኛቸውና በአንዲት አጭር መልስ ያስገባቸዋል። በ1981 ከዋልያስ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ፤ ለረጅም ዓመታትም ከመድረክ ርቆ ኖረ። በ2017 ከአንድ የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም ሲያወጣ ሲዲውን ገዝቼ በተከታታይ አዳመጥኩት። ድምፁ አርጅቷል፤ ቁጥብነቱ ግን እንዳለ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስሙን ሳላውቅ እሱን ሳደምጥ እንደኖርኩ ያኔ ነው የገባኝ።

ሙሉቀን መለሰ ሲመጣ ጥያቄው ከመሣሪያው ወደ ቃሉ ይሄዳል። ገና በለጋ ዕድሜው መድረክ ላይ የወጣ፣ ከፍ ያለና ጠርዙ የለሰለሰ ድምፅ ያለው ሰው ነው፤ በእኔ ግምት በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የፍቅርን እንጉርጉሮ እንደ እሱ በቅንነት የተናገረ የለም። ዘፈኖቹን ሳዳምጥ ወንድ ልጅ ለሚወዳት ሴት የሚሰማውን ብቻ እሰማ ነበር። በኋላ ግን ከዘፈናቸው ግጥሞች ብዙዎቹን የጻፉለት ሁለት ሴቶች፣ ሸዋሉል መንግሥቱና ዓለምፀሐይ ወዳጆ እንደሆኑ አወቅሁ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ዘፈኖቹ እንደ ቀድሞው አይሰሙኝም። ወንዱ ሲለምን፣ ሲሸነፍ፣ ሲያደንቅ የምንሰማቸው ቃላት አንዲት ሴት ተቀምጣ የመረጠቻቸው ናቸው፤ ሴት ከወንድ አፍ ምን ብትሰማ እንደምትወድ የምታውቅ ገጣሚ ናት የጻፈችው። ሸዋሉል በ1977 ነው ሕይወቷ ያለፈው። ዓለምፀሐይ ተዋናይትም ገጣሚም ሆና ከዘለቀች በኋላ በዋሽንግተን የጣይቱ የባህል ማዕከልን መሥርታ ለዓመታት የግጥም ምሽት ስታዘጋጅ ኖራለች። የአንዷ ግጥም የሙሉቀን ተብሎ ብቻ በስልኬ ላይ መቀመጡ ከሁሉም የበለጠ ይከብደኛል።

ሙሉቀን ራሱ በ1980ዎቹ ዓለማዊ ዘፈንን ትቶ ወደ ወንጌል አማኝነት ተመለሰ፤ ወደ አሜሪካም ሄዶ በሚያዝያ 2024 እስኪያርፍ ድረስ ወደ ቀድሞ ዘፈኖቹ አልተመለሰም። ውሳኔውን አከብራለሁ፤ ሰው ከራሱ ሥራ ለመለየት ያለው መብት ሙሉ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ዘፈን የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዘፋኙ ሲተወው ባለቤት ያጣ ነበር። የገጣሚዋ ቃል፣ የዜማ ደራሲው ሐሳብ፣ የሳክስፎን ተጫዋቹ ትንፋሽ ግን በውስጡ አሉ፤ እነሱ አልተዉትም። ሙሉቀንን ሳዳምጥ ይህ ሐሳብ ያጽናናኛል።

ጌታቸው መኩሪያ ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ እዚህ ከጀርባ የነበረው ሰው ራሱ ድምፃዊ ሆኗልና። ጌታቸው ያደረገው ነገር አሁንም ድረስ ያስደንቀኛል። ሽለላ ከጦርነት በፊት ተዋጊው ደረቱን ነፍቶ፣ ጋሻውን እያነቃነቀ፣ ትንፋሹን እየቆረጠ የሚያወርደው የድምፅ ሥራ ነው፤ ያን ሁሉ ማጉረምረም፣ ማቋረጥና ድንገተኛ ጩኸት ጌታቸው በቴነር ሳክስፎን አወጣው። ይህን የጀመረው በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ሌሎችን እያጀበ በሠራባቸው ዓመታት ነው። በ1972 የራሱ አልበም ሲታተም ከጀርባው ያለው ኦርጋንና ከበሮ በእርጋታ ይሄዳሉ፤ ሳክስፎኑ ግን ከእነሱ ጋር አይስማማም፤ ከላይ ሆኖ ይፎክራል። ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ ባንድ ጋር ተገናኝቶ በ2006 አብረው አልበም አወጡ፤ በየመድረኩም ጎፈር ደርቦ ይጫወት ነበር። በ2016 አረፈ። ይህ ዘፈን ቤት ውስጥ ሳለሁ ከመጣ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚደመጥ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው የአስናቀች ወርቁ ትዝታ ነበር፤ ከዚያ ፉከራ በኋላ አንዲት ሴትና አንድ ክራር ብቻ። አስናቀች በቴአትር መድረክ ላይ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ናት፤ በ2011 እስክታርፍ ድረስም በሁለቱም ሙያ ስሟ የተከበረ ነበር። ክራሩንም ራሷ ትመታለች፤ ስለዚህ ስልኬ ላይ ያለው ስም ለአንድ ጊዜ እንኳ የተሟላ ይመስላል። ስንኞቹ ግን የማን ናቸው? ትዝታ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው፤ እንደ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሁሉ በአምስት ድምፆች ላይ የቆመ ነው። ዘፈኑ በዚያ ቅኝት ላይ እየተመላለሰ ሲቀጥል እያንዳንዱ ዘፋኝ ከሰማው ይወስዳል፣ ከራሱ ይጨምራል፣ ሌላው ደግሞ ከእሱ ይቀበላል። አንዱ ስንኝ ከጎጆ፣ አንዱ ከሠርግ ቤት፣ አንዱ ከአዝማሪ ቤት መጥቶ በአስናቀች አፍ ላይ ይገናኛል። የደራሲውን ስም ለመጻፍ የማልሞክርበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው፤ በትዝታ ላይ ስም የሌለው መሆኑ በቸልታ የመጣ ጉድለት አይደለምና። ስለ ድምፅ አወጣጧ ብቻ አንድ ነገር ልናገር፦ አስናቀች ስንኙን ስትጨርስ ድምፅዋን አታስረዝምም፤ ቶሎ ትቆርጠውና ክራሩ ይጨርሰዋል። ሐዘኗን የምትነግረን በዚያ ቁርጥ ነው።

የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ሲመጣ ሥራዬን አቆማለሁ። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ከእርሳቸው በቀር ሌላ ማንም የለም፤ ደራሲዋም ተጫዋቿም እርሳቸው ናቸው። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ትምህርት ቤት ገብተው ቫዮሊን ተማሩ፤ በጣልያን ወረራ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ጣልያን በግዞት ተወሰዱ፤ ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ አጠኑ፤ ከዚያም ያንን ሁሉ ትተው ወደ ግሸን ማርያም ሄደው መነኮሱ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎቻቸው በ1960ዎቹ ሲታተሙ ገቢው ለችግረኞች መርጃ ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው፣ በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። በጣቶቻቸው ውስጥ አውሮፓ ያጠኑት የፒያኖ ሥርዓትና የቤተ ክርስቲያን ዜማ አብረው አሉ፤ ግን አንዱ በአንዱ ላይ አልተለጠፈም። ግራ እጃቸው እንደ አውሮፓ ቫልስ ሲሄድ ቀኙ እንደ ማኅሌት ይዘገያል፤ ምቱ ሊመጣ ሲል ትንሽ ያቆዩታል፣ ከዚያ ይለቁታል። ያን መዘግየት በሌላ ፒያኖ ተጫዋች ላይ ሰምቼው አላውቅም። እርሳቸውን በተራ ሳዳምጥ ልቤ ጸጥ ብሎ ይከተላቸው ነበር፤ አሁን ከጌታቸው ፉከራ ወይም ከማህሙድ ጭፈራ በኋላ ድንገት ሲመጡ ግን መዘግየታቸው ምን ያህል ድፍረት እንዳለበት ይሰማኛል።

ኃይሉ መርጊያን በዚህ መሐል ማንሳት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም እሱ ከጀርባ ወደ ፊት ለመምጣት ረጅሙን መንገድ የሄደ ሰው ነው። በዋልያስ ባንድ ውስጥ ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን ሰው ከመሸ በኋላ ወደ ቤቱ መመለስ ስለማይችል እስኪነጋ ድረስ በሚጨፈርባቸው ሌሊቶች በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት ነበር። እሱም በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የኤሌክትሪክ ከበሮ ምት ይዞ ሁሉንም ብቻውን ቀረጸ። የልጅነቱን አኮርዲዮን ከዘመኑ ማሽን ጋር ማገናኘቱ ነው ካሴቱን ለየት የሚያደርገው፤ የጥንቱ የሠርግ ዜማና የማሽኑ ደረቅ ምት ሳይጣሉ አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ደንበኛ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ሥራ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና ካሳተመው በኋላ ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ያ ካሴት ላይ ስሙ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ስሙ ባይኖር ማን ይፈልገው ነበር?

ዓሊ ቢራ በስብስቤ ውስጥ ብዙ ዘፈን የለውም፤ ያሉትንም ቃል በቃል አልረዳቸውም፤ ኦሮምኛዬ ደካማ ነው። ድሬዳዋ ላይ በአፍራን ቀሎ ቡድን ውስጥ በ1960ዎቹ የጀመረ፣ ቢራ የሚለውን መጠሪያ ከመጀመሪያ ዘፈኑ ያገኘ፣ ዑድ እየመታ በብዙ ቋንቋ የዘፈነ ሰው ነው። በኅዳር 2022 ሲያርፍ የስንት ሰው ሐዘን እንደነበረ አይተናል። የዑዱ ገመድ ሲነካ የሚሰማው የምሥራቁ ንፋስ፣ የባቡሩ ከተማ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የዐረብ ዜማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች ፈጽሞ የተለየ መንገድ ነው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ ለመናገር ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይሻላል።

የጂጂ፣ ማለትም የእጅጋየሁ ሽባባው፣ በ2001 የወጣው አልበም በስብስቤ ውስጥ በሲዲ ካሉኝ አንዱ ነው። የመጨረሻው ዘፈን «አድዋ» ከመጣ ስለ ዘፈኑ ለመናገር ሌላ ጽሑፍ ያስፈልገኛል፤ እዚህ የማነሳው የሲዲውን ደብተር ነው። ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ነው፤ በአልበሙ ላይ እንደ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ያሉ ታላላቅ የጃዝ ሰዎች ተጫውተዋል፤ የሁሉም ስም ከሚጫወቱት መሣሪያ ጋር ተጽፏል። ያን ደብተር ባነበብኩ ቁጥር የሀገራችን የካሴት ዘመን ተጫዋቾች እንዲህ ያለ ገጽ ሳያገኙ መቅረታቸው ያሳዝነኛል። የቅጂና የተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 በ2004 ሲወጣ ደራሲውም፣ የዜማ ባለቤቱም፣ ከዋኙም መብት እንዳላቸው በሕግ ሰፍሯል። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ግን መብቱን በምን ያሳያል? ዛሬ ዘፈን የምንሰማባቸው መተግበሪያዎችም ቢሆኑ በፊት ገጻቸው የሚያሳዩን የዘፋኙን ፎቶና ስም ነው።

ስለዚህ በስልኬ ላይ ያሉትን መዝገቦች አንድ በአንድ መሙላት ጀምሬያለሁ። የታተሙትን ከሲዲ ደብተሮች እገለብጣለሁ፤ ለተቀዱት ካሴቶች ግን ደብተር የለም። ለእነሱ የሚረዱኝ በወጣትነታቸው በሆቴል ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይጫወቱ የነበሩ ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው። የሚለዩት በዜማው አይደለም፤ ተጫዋቹ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታና ድምፁን በሚያቆምበት መንገድ ነው። አንዳንዴ መግቢያው ሳያልቅ «ይሄ እገሌ ነው» ይላሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ጊዜ አስደግመው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ እርግጠኛ ያልሆኑበትን እንዳልጽፍ ያስጠነቅቁኛል። ከአባቴ ካሴቶች የተወሰኑትን ጨርሰናል። የሚቀጥለው ጥላሁን በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ የዘፈናቸው የጥንት ዘፈኖች ያሉበት ነው፤ ከጀርባው ሙሉ የነሐስ ክፍል ስላለ ለእሱ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ እንደሚያስፈልገን ነግረውኛል።